«ይበላልኛል» የሚባልለት ልጅ

ሕፃናት ተመላላሽ ክፍል በነርስነት ስሠራ በየቀኑ የምሰማው አቤቱታ «ልጄ አይበላልኝም» የሚለው ነው። «በዛበት» ብላ የመጣች እናት አላጋጠመችኝም። ክብደቱ ከልክ ያለፈ ልጅ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሳል ይዞት ወይም ጉልበቱን አሞት ነው። ስለዚህ ነገሩን ማንሳት የባለሙያው ፈንታ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን ግን እንዘለዋለን።

ምክንያቱም አለን። የሠለጠንነው በምግብ እጥረት የተጎዳውን ልጅ ፈልጎ ለማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ደግሞ 2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የክንድ መለኪያው ቀይ ላይ ሲያርፍ ሁላችንም ከወንበራችን እንነሣለን፤ መነሣትም አለብን። ነገር ግን ትምህርት ቤት በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ የሚመለሰው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ታብሌት ይዞ የሚያመሸው የአዲስ አበባ ልጅም ታካሚያችን ነው።

በቅርቡ አንዲት አያት ጉንፋን የያዘው የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሲመዘን 41 ኪሎ ሆነ። ብዙ ጊዜ ኪሎው ካርድ ላይ ከተጻፈ በኋላ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔ ግን ቁመቱንም ለካሁት፤ 134 ሴንቲ ሜትር። ቢኤምአይ የሚባለው የክብደትና የቁመት ስሌት 22.8 መጣ። ለአዋቂ ቢሆን ጤናማ ቁጥር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ ላይ ግን ለ9 ዓመት ወንድ ልጅ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሚጀምርበት መስመር በላይ ይውላል። የልጅ ቢኤምአይ ያለ ዕድሜና ያለ ፆታ አይነበብም።

ከዚያ አንገቱን ከኋላ አየሁ፤ የጠቆረና የሻከረ ቆዳ ካለ ኢንሱሊን በሰውነቱ ውስጥ እንደሚገባው እየሠራ ላይሆን ይችላል። ሲተኛ ያንኮራፋ እንደሆነ ጠየቅሁ። ደም ግፊቱን ለክንዱ በሚበቃ ማሰሪያ ለካሁ፤ የጠበበ ማሰሪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያልና። ቁመቱ ለዕድሜው ደህና መሆኑም አንድ ፍንጭ ነው፤ ውፍረቱ ከሆርሞን ችግር የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ቁመቱ ይጓተታል።

«እማማ፣ ስለ ዕድገቱ ትንሽ ብናወራ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸውና ሰንጠረዡን አሳየኋቸው። «ወፍራም» የሚለውን ቃል በልጁ ፊት አላነሣሁም። በሰውነቱ እንዲያፍር የተደረገ ልጅ ተደብቆ ይበላል፣ ከኳስ ጨዋታ ይሸሻል፣ ወደ እኛም መምጣት ይጠላል። አያቱ ቅር አላቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ እንዳይከሳብኝ ብዬ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ክፉ ቀን ያዩ ሰው ናቸው። እሳቸውን መውቀስ የጀመረ ባለሙያ ዳግመኛ አያያቸውም።

ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀምሰውን አንድ በአንድ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ አንድ ለስላሳ ይጠጣል። የ300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። «ጣፋጭና ቅባት ቀንሱ» የሚለው ጥቅል ምክር በሩን ሳያልፉ ስለሚረሳ በዚህ በአንዱ ተስማማን፤ ለስላሳው ለበዓል ይቆይ፣ በሌላው ቀን ውኃ። ያውም ለቤቱ ሁሉ፤ ታላቅ እህቱ አጠገቡ እየጠጣች እሱን ብቻ መከልከል ግፍ ነው። እንጀራውና ሽሮው ምን አጠፋ?

ክሳ ብዬም አላዘዝኩትም። ኪሎው 41 ላይ ቢቆምና 5 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ቢኤምአዩ ወደ 21 ይወርዳል። ይህን ስነግራቸው የአያቱ ፊት ፈታ አለ፤ ከልጁ አፍ የምነጥቅ መስሏቸው ነበር።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅን አይደግፍም፤ ከ3 እስከ 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት የሚሆን ምክርና ክትትል ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ያሳስባል። ወረፋው ኮሪደሩን በሚሞላበት ክፍል 26 ሰዓት አይገኝም። ቀጠሮ መስጠትና የተስማሙበትን ካርዱ ላይ መጻፍ ግን ይቻላል፤ ሌላ ነርስ ብታየው እንኳ ከዚያው ትቀጥላለች።

በዚህ ልጅ ካርድ ላይ «ቁመት፣ ኪሎ፣ ለስላሳ» ብዬ ጽፌያለሁ። ኪሎው ባይቀንስም ለስላሳው ቀርቶ ከሆነ «ጎበዝ» ይባላል። ቀጥሎ የምናነሣው እሱም የሚመላለስበትን የሰርቪሱን ጉዳይ ነው፤ አያቱ እንዳሉት ትምህርት ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው።