ውድ ሽቦና ጥሩ ድምፅ

ሙዚቃን ከሸክላ፣ ከቴፕ ወይም ከሲዲ አውጥቶ ወደ ጆሯችን የሚያደርሰው መሣሪያ ልዩ ልዩ ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ አጫዋቹ አለ፤ ቀጥሎ ከአጫዋቹ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎላው አምፕሊፋየር አለ፤ በመጨረሻም ያንን ምልክት ወደ አየር ንዝረት የሚለውጠው ስፒከር ይገኛል። እነዚህን ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚያያይዙት ሽቦዎች ናቸው። ስለ ሽቦዎቹ ቀድሞ ብዙ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ለሙዚቃ መሣሪያ ልዩ ፍቅር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ሽቦው ራሱን የቻለ ውድ ሸቀጥ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል በ2007 ፒር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «አንዡ» የሚል ስም የሰጠውን፣ አራት ሜትር የማይሞላ አንድ ጥንድ የስፒከር ሽቦ በ7,250 ዶላር ይሸጥ ነበር። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እናንተ እንዲህ ያለውን ሽቦ ለመግዛት ገበያ አትወጡ ይሆናል። ሆኖም ሽቦውን የሚሸጠው የአነጋገር ዘዴ የፀጉር ቅባቱንም፣ ጉልበት ይሰጣል የሚባለውን መጠጥም፣ ለበሽታ ሁሉ ፍቱን ነው የሚባለውን ክኒንም የሚሸጠው ነው። ስለዚህ የሽቦውን ነገር ጠጋ ብሎ መመርመር አይከፋም።

በመጀመሪያ ቋንቋውን እንመልከት። ለምሳሌ እንዲሆኑን የጻፍናቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እነሆ፤ «ይህ ሽቦ ለሙዚቃው ነፍስ ይዘራለታል።» «በዚህ ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ ሞቃትና ጥልቅ ነው።» «ይህ ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቋቋምበት መጠን በአንድ ሜትር 0.007 ኦም ነው።» በሰዋስው ረገድ ሦስቱም እንከን የለባቸውም። ባለቤት አላቸው፤ በማሠሪያ አንቀጽም ተዘግተዋል። ነገር ግን ሦስተኛው ሐሰት ቢሆን መለኪያ ያለው ሰው «ሐሰት ነው» ሊል ይችላል። አንደኛውንና ሁለተኛውን ሐሰት ለማለት ምን እንለካለን? የድምፅ ሙቀት በምን ይለካል? እንዲህ ያሉ ቅጽሎች በግጥምና በልብ ወለድ ውስጥ ክቡር ቦታ አላቸው፤ የ7,250 ዶላር ዋጋን ግን ብቻቸውን ሊሸከሙ አይገባም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። በፊዚክስ ትምህርታችሁ የኦምን ሕግ የተማራችሁ ሁሉ ስሌቱን ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል እንበል። ፍሰቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ጠቅላላ ርዝመት ስድስት ሜትር ነው። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገዛ ተራ የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት የሚያሳየው ተቃውሞ 0.04 ኦም ገደማ ነው። የስፒከሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ 8 ኦም ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሽቦው ላይ የሚቀረው የኤሌክትሪክ ግፊት ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ነው። በድምፅ መለኪያ ሲሰላ ከ0.05 ዴሲቤል ያነሰ ሲሆን፣ ተራ አድማጭ ግን የአንድ ዴሲቤልን ለውጥ እንኳ የሚለየው በጭንቅ ነው። ብር ከመዳብ የተሻለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መሆኑ እውነት ነው፤ ብልጫው ግን ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ስለሆነ፣ የመዳቡን ሽቦ ያን ያህል ማወፈር የብሩን ሥራ ያሠራል።

ከዚህ ተነሥቶ «ሽቦ ምንም ለውጥ አያመጣም» ብሎ መደምደም ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ 20 ሜትር አርቃችሁ ውፍረቱ 0.2 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ ብታያይዙት፣ ተቃውሞው ከሦስት ኦም በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድምፁ መድከሙና መለወጡ በጆሮ ይታወቃል። መድኃኒቱ ግን ወፈር ያለ ሽቦ መግዛት እንጂ ውድ ሽቦ መግዛት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ከእውነተኛው ሳይንስ የተወሰደ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ነው። ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት ድግግሞሹ እየጨመረ ሲሄድ ከሽቦው መካከል ወደ ዳር፣ ማለትም ወደ ገላው የመሸሽ ጠባይ አለው። ይህ በሬዲዮ ማሰራጫዎች ላይ መሐንዲሶች በብርቱ የሚያስቡበት ጉዳይ ነው። የሽቦ ነጋዴዎችም ይህንኑ ጠባይ እየጠቀሱ የሽቦቸውን ልዩ አሠራር ያወድሳሉ። ሆኖም የሰው ጆሮ ሊሰማ በሚችለው የመጨረሻ ድግግሞሽ፣ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ላይ እንኳ፣ ፍሰቱ በመዳብ ውስጥ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከላይ የጠቀስነው ሽቦ ከዳር እስከ መካከል አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። እንግዲህ ቃሉ እውነት ነው፤ በዚህ ቦታ ግን የሚሠራው ሥራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በ1990 ገደማ ደግሞ የሲዲን ዳር በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ድምፁን ያጠራዋል የሚል እምነት ተስፋፍቶ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ እስክሪብቶ እስከ መሸጥ ተደርሶ ነበር። ምክንያቱ ሲገለጽ፣ ቀለሙ በዲስኩ ውስጥ የሚባዝነውን የሌዘር ብርሃን ይመጣል ይባል ነበር። ነገር ግን የሲዲ ማጫወቻ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር የሆነ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው፤ ለዓይናችን አረንጓዴ ሆኖ የታየን ቀለም ይህን ጨረር ይመጣል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ከዚህም በላይ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ለእያንዳንዱ የድምፅ መሥመር በሴኮንድ 44,100 ቁጥሮች ሆኖ ነው። ማጫወቻው ቁጥሮቹን ሲያነብ የሚያጋጥሙትን ጥቃቅን ስሕተቶች የሚያርምበት ሥርዓት አለው። ቁጥር በትክክል ከተነበበ ተነበበ ነው፤ «ይበልጥ ሞቃት ሰባት» የሚባል ቁጥር የለም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግን ዋናውን ጥያቄ አልመለሰም። ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሙዚቃ አዋቂዎች ያሉባቸው፣ ሽቦውን ከለወጡ በኋላ ልዩነቱን በጆሯቸው እንደ ሰሙ ይመሰክራሉ። እነዚህን ሰዎች ውሸታም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። የሚሰማቸውን ነው የሚናገሩት። ጆሮ ብቻውን አይሰማም፤ የሚሰማው ከአእምሮ ጋር ሆኖ ነው። ሽቦውን የለወጠ ሰው ያንኑ ዘፈን ሁለተኛ ጊዜ ሲያዳምጥ በይበልጥ ተጠንቅቆ ያዳምጣል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያለፈውን የከበሮ ምት ወይም የዘፋኙን ትንፋሽ አሁን ይሰማል። ትንፋሹ አስቀድሞም ነበር፤ አዲስ የሆነው ትኩረቱ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ዕቃ መሻሻል እንዲያመጣ ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋውም በሚሰማው ነገር ላይ ቀለሙን ይቀባል። የድምፁ ጉልህነት በጥቂት ቢጨምር ደግሞ «ጎላ» ሳይሆን «ጠራ» ወይም «አማረ» ይላል።

ታዲያ ከአየሩ የመጣውን ከአእምሮ ከመጣው በምን እንለያለን? መለያው ዘዴ የሙዚቃ መሣሪያ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ በሌላ ጉዳይ የተሠራበት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መስመር የተባለ ሐኪም «የእንስሳት ማግኔት» ብሎ በሰየመው በማይታይ ፈሳሽ ሕሙማንን እፈውሳለሁ እያለ በፓሪስ ታላቅ ዝና አግኝቶ ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ አቋቋመ፤ ከአባላቱም መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቩአዜ ይገኙ ነበር። በአንደኛው ሙከራ የመስመር ተከታይ የሆነ ሐኪም ፍራንክሊን በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንዱን ዛፍ በፈሳሹ ኃይል «ሞላው»። ከዚያም የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ ወደ ሌሎች፣ ምንም ወዳልተደረገባቸው ዛፎች በየተራ ተወሰደ። ልጁ በየዛፉ ሥር እያላበው፣ እያዞረው ሄዶ በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ልብ በሉ፤ ልጁ አላስመሰለም፤ ላቡም መውደቁም እውነት ነበር። ከዛፉ ግን አልመጣም።

በሽቦ ረገድም የሚያስፈልገው ያው ጨርቅ ነው። አድማጩ የትኛው ሽቦ እየሠራ እንዳለ ማወቅ የለበትም፤ ሽቦውን የሚለዋውጠውም ሰው በፊቱ ወይም በድምፁ ምልክት እንዳይሰጥ ከአድማጩ መለየት አለበት። የሁለቱ ወገን ጉልህነት በጆሮ ሳይሆን በመለኪያ እኩል ይደረጋል። ይህንን ሥራ በመቀያየሪያ መሣሪያ የሚያከናውን ዘዴ በ1982 ዴቪድ ክላርክ በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሙያው መጽሔት ላይ ተገልጿል። ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን አይገባም። ምንም የማይሰማ ሰው እንኳ ሳንቲም እንደሚጥል እየገመተ ከአሥር አምስቱን ሊያገኝ ይችላልና። ከአሥር አሥሩን በግምት የማግኘት ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ብቻ ነው። በዚህ መልክ ከተሠሩት ሙከራዎች አንዱ በ2007 የታተመው የመየርና የሞራን ጥናት ነው፤ የተመረመረው ሽቦ ሳይሆን ከሲዲ የላቀ ጥራት አላቸው የተባሉ ዲስኮች ከሲዲ ደረጃ በጆሮ መለየታቸው ነበር። በ554 ሙከራዎች ትክክለኛው መልስ የተገኘው በ276ቱ ነው። ሳንቲም ቢጣል ከዚህ እምብዛም አይለይም።

በዚያው ዓመት ጄምስ ራንዲ የተባለው የምትሃት ትርኢት ባለሙያ፣ ያንን የ7,250 ዶላር ሽቦ ሳያይ በጆሮው ብቻ ከተራ ሽቦ ለሚለይ ሰው ድርጅቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። አንድ ስመ ጥር የሙዚቃ መሣሪያ ሐያሲ ግብዣውን ተቀበለ፤ ነገር ግን ሽቦውን የሚሠራው ኩባንያ ከነገሩ እጁን አወጣና ሙከራው ሳይደረግ ቀረ። ይህ ብቻውን ሽቦው እንደማይሠራ ማስረጃ አይሆንም። የሚያሳየን አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ቀላል ፈተና ቀርቦ ሳለ ሳይፈተን መቅረቱን ብቻ ነው።

ይህንን ዘዴ የሚቃወሙ ሰዎች አንድ ሊሰማ የሚገባው መከራከሪያ አላቸው። «ፈተና ሰውን ያስጨንቃል፤ ረቂቅ ልዩነት የሚታወቀው በቤት ውስጥ፣ በዕረፍት፣ ለብዙ ጊዜ ሲያዳምጡ ነው» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን አጋጣሚ በ2022 ተገኝቷል። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ከመጀመሪያው ቴፕ በቀጥታ ተቀርጸዋል እየተባሉ የሚወደዱ፣ አንዳንዶቹም ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጡ ሸክላዎች ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ ድምፅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ሕይወቱን ያጣል ብለው የሚያምኑ፣ ይህንንም በጆሯችን እናውቃለን የሚሉ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ከብዙዎቹ ሸክላዎች ሥራ መካከል ድምፁን ወደ ቁጥር የመለወጥ ደረጃ እንዳለ፣ ይህም ከአሥር ዓመት በላይ እንደ ቆየ የኩባንያው መሐንዲሶች ራሳቸው ተናገሩ። አድማጮቹ በቤታቸው፣ በዕረፍታቸው፣ ማንም ሳያስጨንቃቸው ለዓመታት ያዳምጧቸውና ያመሰግኗቸው የነበሩት እነዚህኑ ሸክላዎች ነበር።

ነገሩን በትምህርት ቤታችሁ ለመሞከር ውድ ሽቦ አያስፈልግም። አንድ ቴፕና አንድ ዘፈን ይበቃል። ይህን ምንባብ ያላነበበ ሌላ ክፍል ምረጡ፤ እናንተማ አሁን ነገሩን አውቃችኋልና አትሆኑም። ዘፈኑን አንድ ጊዜ አሰሟቸው። ከዚያም ከቴፑ ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ፣ ምንም ሳትነኩ፣ «አሁን የተሻለውን ሽቦ አስገብተናል» በሉና ያንኑ ዘፈን በዚያው ጉልህነት ድገሙት። እያንዳንዱ ተማሪ በሁለቱ መካከል የሰማውን ልዩነት በአንድ አንቀጽ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ከዚያም ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ በውስጣቸው የሚገኙትን ቅጽሎች ቍጠሩ። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ምን እንዳደረጋችሁ ለጓደኞቻችሁ ሳትነግሯቸው አትመለሱ።