ጭላዳን በደብተርና በእርሳስ ማጥናት

ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ስሜን ተራሮች የወጣ ሰው ጭላዳን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች የጭላዳን ዘረመል አንብበው አሳተሙ፤ የስሜኖቹ 44 ክሮሞዞም ሲኖራቸው የማዕከላዊ ኢትዮጵያዎቹ ያላቸው 42 ነው። ታዲያ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይሆኑ? ከሆኑ፣ የስሜኖቹ ቢጠፉ በሌሎቹ አይተኩም።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በኮምፒውተር የሚመረምረው ሙያ ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል። «ላብራቶሪ የለንም» ብላችሁ አትተዉት፤ እስቲ ደብተርና እርሳስ አውጡ። ዲኤንኤ የሚጻፈው በአራት ፊደላት ነው። ለመለማመጃ የፈጠርኳቸውን እነዚህን መስመሮች አንዱን ከሌላው ሥር ጻፉ፦

ኤ ቲ ጂ ሲ ኤ ቲ ጂ
ኤ ቲ ሲ ኤ ቲ ጂ

ከሦስተኛው ፊደል ጀምሮ ምንም አይገጥምም አይደል? አሁን በታችኛው መስመር ከሁለተኛው ፊደል ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ ተዉና የቀሩትን ወደ ቀኝ ግፉ። ሁሉም ገጠመ! ለካ የጎደለችው አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች።

ኮምፒውተር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ግን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ፊደላት። ኤንሲቢአይ በተባለው የመረጃ ቋት የእውነተኛው ጭላዳ ፊደላት በነጻ ይገኛሉ፤ ብላስት የሚባለው ማነጻጸሪያም እዚያው አለ። ኢንተርኔት ያለው ስልክ ካላችሁ ቀጣዩን ሙከራ ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ።