ያውቁ ኖሯል? ከደንገል ታንኳ እስከ ኤፖክሲ ሰሌዳ

ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ማዕበል ማውራት ለሰሚው ግራ ነው። ይሁንና የዚህ አካባቢ፣ የይፋት ልጅ ዛሬ ያልደረሰበት አገር የለም። ከውቅያኖስ ዳር ቤት ተከራይቶ፣ “ሰርፍ ቦርድ ልገዛ ነው፤ ኤፖክሲው ይሻለኛል ወይስ የድሮው?” ብሎ የደወለ እንደሆነ መልስ አናጣም። ሰርፍ ቦርድ ሰው ቆሞበት በማዕበል ላይ የሚንሸራተትበት ረዘም ያለ ሰሌዳ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይፋትና ባሕሩ

• ከሸዋ ሮቢት እስከ ጅቡቲ ከተማ በአየር መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ጣናዋ ባሕር ዳር ከተማ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ አካባቢ፣ በአንድ መስመር ላይ ማለት ይቻላል፣ ይገኛሉ። ጨው ውሃውም ጣፋጩም ለሮቢት ሰው ሩቅ ነው።

• ይፋት ድሮ ባሕሩን ታውቀው ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተነሣውና በወላስማዎች ሥርወ መንግሥት ይመራ የነበረው የይፋት ሱልጣኔት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣውን የንግድ መንገድ በእጁ ያደረገ ኃይል ነበር።

• ሰርፍ ያለ ባሕር እንደሚቻልስ ያውቁ ኖሯል? ጀርመን ውስጥ፣ ሙኒክ ከተማ መሐል በሚያልፈው አይስባክ በተባለ ቦይ ላይ ሰዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲንሸራተቱ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ማዕበል ከቦታው ሳይነቃነቅ ይፈላል፤ ሰውየውም ባለበት ሆኖ ይንሸራተታል። እዚሁ ሮቢ ወንዝ ላይ ግን እንዳይሞክሩት፦ ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ድንገት ደርሶ የሚመጣው ጎርፍ ድንጋዩንም ግንዱንም እያንከባለለ ነው።

• እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ የሰርፍ ውድድሩ የተደረገው አውሮፓ ባለችው ፈረንሳይ ሳይሆን የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው በታሂቲ ደሴት፣ ቴአሁፖ በተባለው ቦታ ነበር። ከፓሪስ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው ከዚያ በፊት በነበረው፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ነው።

የአገራችን ቀላል ጀልባ

• ከሰርፍ ቦርድ ጋር የሚቀራረብ የራሳችን ነገር ቢፈለግ የጣና ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል፣ ማለትም ከፓፒረስ ነው። የደንገል ዘንግ ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ መሰል ስለሆነ ታስሮ ውሃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል። በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው።

• ታንኳ ውሃ እንደሚጠጣ ያውቁ ኖሯል? በተቀመጠበት ቁጥር እየራሰ፣ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ከውሃው አውጥቶ ያቆመዋል፤ ጠፈፍ ብሎ ሲደርቅ መልሶ ይቀልለታል። ቢበዛ አንድ ዓመት ገደማ ያገለግላል። ሲያልቅበት ሌላ ደንገል አጭዶ ሌላ ታንኳ ያስራል፤ መለዋወጫው ከሐይቁ ዳር በነፃ የበቀለ ነው።

• እ.ኤ.አ. በ1969 የጣና ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወጥቶ ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና 12 ቶን ደንገል አስጭኖ ወደ ግብፅ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ “ራ” የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ተሳፍረውባት ግንቦት ውስጥ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሡ።

• ጀልባዋ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ባርቤዶስ ልትደርስ የአንድ ሳምንት መንገድ ያህል ሲቀራት ተሳፋሪዎቹ ጥለዋት ወጡ። ደንገሉ ቢወቀስ ግን ያለ ጥፋቱ ነው። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ የጀልባውን የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ገመድ ይታያል፤ “ራ” ላይ ይህ ገመድ ችላ ተብሎ ነበር። የኋላው ጫፍ እየዘቀጠ ሄዶ ውሃ ገባበት።

• በዓመቱ፣ በ1970፣ ሄየርዳል ሁለተኛዋን የደንገል ጀልባ አሠራ። ይህችን የሠሯት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሕዝብ ልጆች ናቸው። “ራ 2” 6,100 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ57 ቀን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። ተክሉ ያው ፓፒረስ ነበር፤ የተለወጠው አሠራሩና ሠሪው ነው።

• የሄየርዳል ሦስተኛ የሸምበቆ መርከብ መጨረሻዋ እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ኢራቅ ውስጥ የተሠራችው “ቲግሪስ” ሚያዝያ 3 ቀን 1978 ጅቡቲ ላይ በገዛ ተሳፋሪዎቿ እጅ ተቃጠለች። ቃጠሎው በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር አካባቢ ይካሄድ የነበረውን ጦርነት ለመቃወም ነበር።

“የድሮው” ስንት ዓመቱ ነው?

• የጥንት የሃዋይ አለቆች ይንሸራተቱበት የነበረው “ኦሎ” የተባለ ረጅም ሰሌዳ ዊሊዊሊ ከተባለ ቀላል እንጨት ይሠራ ነበር። ዊሊዊሊ የእኛ ኮርች የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ኤሪትሪና በተባለው የዛፍ ወገን ውስጥ ናቸው።

• ዛሬ ሱቅ ውስጥ “ባህላዊው” እየተባለ የሚሸጠው ሰሌዳ ግን እንጨት አይደለም። ውስጡ ፖሊዩሬቴን የተባለ ፎም፣ ላዩ ፖሊስተር ሬዚን በተባለ፣ ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ የራሰ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ነው። ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህን ፎም ለገበያ ያበቁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነገሠው ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው የባልሳ እንጨት ነበር።

• ጥንቅሽ ልጦ የበላ ሁሉ የሰርፍ ቦርድን ምስጢር ያውቃል። የአገዳው ጥንካሬ ያለው ከላይ በሚልጡት ቅርፊት ላይ ነው፤ መሐሉ ለስላሳና ቀላል ነው። ሰሌዳውም እንዲሁ ከላይ ጠንካራ ልባስ፣ ከውስጥ ቀላል ፎም ነው። ባህላዊው ሰሌዳ ላይ በተጨማሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሐሉን የሚሰነጥቅ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይገባበታል።

• በደሴ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ የሚሠራ ላሜራ ሠሪ የባህላዊውን ሰሌዳ ኬሚካል በእጁ እንደያዘው ያውቁ ኖሯል? የመኪና ስቱኮ የሚሠራው ከዚያው ከፖሊስተር ሬዚን ቤተሰብ ነው። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የስታይሪን ነው፤ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝም ክፍት ቦታ ላይ፣ ከሲጋራና ከብየዳ ርቆ መሠራት አለበት።

ኤፖክሲ ማነው?

• ኤፖክሲ የተባለው ሌላው ሬዚን መጀመሪያ የታሰበው ለጥርስ ሥራ እንደነበረስ ያውቁ ኖሯል? ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን የፈጠራ መብት የጠየቀበት በ1938 ሲሆን የሚሠራውም ለጥርስ ሕክምና ዕቃ አምራች ነበር። ወደ ሙጫነት፣ ወደ ቀለምነትና ወደ አውሮፕላን አካልነት የተሸጋገረው በኋላ ነው።

• የኤፖክሲው ሰሌዳ ውስጡ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም ነው። ከይዘቱ 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው። ሰሌዳው የሚቀልለውና ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

• በዚህ ነጭ ፎም ላይ ፖሊስተር ሬዚን ቢያፈሱ ምን ይሆናል? ፎሙን ይበላዋል፤ ዓይንዎ እያየ ይሟሟል። ለኤፖክሲው ሰሌዳ ኤፖክሲ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። በተገላቢጦሽ ግን ይሠራል፦ ባህላዊው ሰሌዳ ሲሰነጠቅ በኤፖክሲ መጠገን ይቻላል።

• ታኅሣሥ 5 ቀን 2005፣ ሰኞ ዕለት፣ አብዛኛውን የአሜሪካ ሰሌዳ ሠሪ ፎም ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም ያለ ማስጠንቀቂያ በሩን ዘጋ። ቅርጽ ማውጫዎቹም እንዲወገዱ ተደረገ። ሠሪዎች ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ዓይናቸውን ወደ ኤፖክሲው አዞሩ። ኤፖክሲን ወደ ገበያው መሐል ያስገባው የጥራቱን ያህል የአንድ አቅራቢ መዘጋት ነው።

• ላሜራ ሠሪው ሲቸኩል ስቱኮው ላይ ማድረቂያውን ጨመር ያደርጋል፤ ቶሎም ይደርቅለታል። ይህን ልማድ ኤፖክሲ ላይ ከደገመው ግን ሥራው ተበላሸ። ኤፖክሲ በልክ የሚጋቡ ሁለት ፈሳሾች ናቸው። ሁለት ለአንድ ከተባለ ሁለት ለአንድ ነው፤ የተረፈው ማድረቂያ ተጋቢ አጥቶ ውስጡ ይቀርና ሰሌዳው ለዘላለም ተጣባቂ ይሆናል።

• ሙቀት አሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኤፖክሲ መድረቂያ ጊዜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ያውቁ ኖሯል? እንደ ሮቢት ባለ ቆላ ቀትር ላይ አንድ ጣሳ ሙሉ የቀላቀለ ሰው፣ ቀቢው ብሩሹን ሳያነሣ ጣሳው እጁን ሊያቃጥለው፣ ሊጨስም ይችላል። መላው ጥቂት ጥቂቱን በጠዋት መቀላቀልና ወዲያው በሰፊው ዘርግቶ መቀባት ነው። ጓንትም አይረሳ፤ ያልደረቀ ኤፖክሲ ቆዳ ያስቆጣል።

• ኤፖክሲ ጠንካራ ነው ማለት ፀሐይ አይነካውም ማለት አይደለም። ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ የከፋው ደግሞ በሯ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ናት፦ ውስጧ ሲግል የፎሙ አየር ይለጠጥና ልባሱን ከፎሙ አላቆ ያሳብጠዋል።

• አንዳንድ የኤፖክሲ ሰሌዳዎች ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ የሚኖረውም ለዚሁ ነው። ከፍታም እንደ ሙቀት ነው። ከባሕር ጠለል የተነሣ ሰሌዳ በጣርማበር በኩል ወደ ሮቢት ቢወርድ መጀመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ግፊት ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ታፍኖ የቆየው የውስጥ አየር መውጫ ይፈልጋል።

ሊገዙ ከሆነ

• የመጀመሪያ ሰሌዳው ለሆነ ጀማሪ ላዩ ለስላሳ ስፖንጅ የለበሰው የማለማመጃ ሰሌዳ ከሁለቱም ይሻላል። ሲወድቅ ራሱንም ሌላውንም ብዙም አይጎዳም።

• ኤፖክሲው ቀላል ነው፣ ጉልበትና ተረከዝ ሲያርፍበት ቶሎ አይሰረጎድም፣ ለመሸከምም ይመቻል። ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ግን ቅለቱ ጠላት ይሆንበታል፤ ላይ ላዩን ይነጥራል። ባህላዊው ከበድ ስለሚል የተናወጠውን ውሃ ቆርጦ ያልፋል፤ በአንጻሩ የእግር ዱካ የመሰለ ስርጉድ ቶሎ ያወጣል።

• ያገለገለ ሰሌዳ ሲገዙ ሦስት ነገር ያድርጉ። በአውራ ጣትዎ ላዩን ጫን ጫን ይበሉ፤ እሺ ብሎ የሚሰምጥ ቦታ ካለ ልባሱ ከፎሙ ለቋል። ጠርዙን በብርሃን ይመልከቱ፤ ቡናማ እድፍ ካለ ውሃ ገብቶበት ያውቃል። ከዚያ ያንሡት፤ ኤፖክሲ ተብሎ ከከበደዎት ጠጥቷል።

• ኤፖክሲው ሲሰነጠቅ ከባህላዊው ይልቅ ቶሎ ውሃ ሊጠጣ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ነጩ ፎም የተሠራው ከተጣበቁ ጥቃቅን እንክብሎች ነው፤ ውሃ በእንክብሎቹ መሐል እየሰረሰረ ይገባል። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ስንጥቅ ካዩ ወዲያው ከባሕር መውጣት፣ ስንጥቁን ወደ ታች አድርጎ ማንጠፍጠፍና በደንብ ሳይደርቅ አለመጠገን ነው። ርጥበቱ እንዳለ ቢሸፈን ልባሱ አይይዝም።

• ጥገናው የሚፈጀው ጊዜም ይለያያል። ለፀሐይ ብርሃን የተዘጋጀ ፖሊስተር ሬዚን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ጠዋት የተሰነጠቀ ሰሌዳ ከሰዓት ውሃ ይገባል። ኤፖክሲ ግን ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ማደር ይፈልጋል።

• እንግዲህ ለደወለው ልጅ መልሱ ይህ ነው። የምትኖርበት ከተማ ውስጥ ሰሌዳ የሚጠግን ሰው ፈልግና የትኛውን እንደለመደ ጠይቀው። ኤፖክሲ የሚያውቅ ከሆነ፣ አንተም መኪና ውስጥ ጥለኸው የማትሄድ ከሆነ፣ ኤፖክሲውን ግዛ፤ ዕድሜ ይሰጥሃል። ራስህ በግማሽ ቀን ጠግነህ መመለስ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ባህላዊው ይበቃሃል። ጠጋኝ በሌለበት ከተማ ውድ ሰሌዳ መግዛት ግን ገንዘብህን ባሕር ላይ መበተን ነው።