1506 የተጻፈባት ኖዝል

አዲስ አበባ ላይ ላቫጆ ሲባል ቦቲ ጫማ ያጠለቁ ልጆች፣ ረጅም ጎማና የሳሙና ባልዲ ነው ትዝ የሚለን። አሜሪካ ውስጥ ባለመኪናው ራሱ ከፍሎ ራሱ የሚያጥብበት ካር ዋሽ ግን ሰው የለውም። ጣሪያ፣ ሁለት ግድግዳ፣ የገንዘብ መቀበያ ሳጥን፣ ከላይ የተንጠለጠለ ጎማ፣ ጫፉ ላይ መርጫ። ፓምፑ ከጀርባ ባለችው ክፍል ሆኖ 1,000 ፒኤስአይ ገደማ በሆነ ግፊት ውሃ ይልካል። አሠራሩ ይኸው ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን እነዚህን ቦታዎች በደንብ ያውቋቸዋል። ተራ እየጠበቁ «ይሄን ነገር ለምን አልገዛውም?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ደመወዝ የለ፣ የሚበላሽ ዕቃ የለ! ወረቀት አውጥተው ወጪውን ማስላት ሲጀምሩ ግን መጀመሪያ የሚያስደነግጣቸው ውሃው ነው። እኔ ደግሞ ውሃው ያለ ስሙ ስም ሲሰጠው ዝም ማለት አልችልም።

እስቲ እናስላው። ደንበኛው መርጫውን አራት ደቂቃ ቢይዝ፣ በደቂቃ 3 ጋሎን ሒሳብ 12 ጋሎን ይሆናል፤ 45 ሊትር መሆኑ ነው። ውሃውና ፍሳሹ ተደምሮ 1,000 ጋሎን በ20 ዶላር ይታሰብ ብንል፣ ለአንድ መኪና 24 ሳንቲም። ባለ 5 የፈረስ ጉልበት ሞተር በአራት ደቂቃ የሚበላው መብራት ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ እሱም ሳንቲም ነው። ሳሙናውን ጨምሩበት፣ የካርድ ክፍያውን ጨምሩበት፣ አሁንም ሳንቲም ለሳንቲም ነው የምንነጋገረው።

የሚያንቀው ሌላው ነው፤ መኪና መጣም ቀረም የሚከፈለው። የቦታ ኪራይ ወይም የባንክ ዕዳ፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ በረዶ ጠራጊ፣ የጭቃ ጉድጓዱን የሚመጥ መኪና። ይህ በወር 6,000 ዶላር ቢሆንና 1,000 መኪና ቢመጣ፣ እያንዳንዱ መኪና ገና ሳይነካ 6 ዶላር ተሸክሟል። 2,000 ቢመጣ 3 ዶላር። ወጪ ግምት ማለት እንግዲህ በአብዛኛው የመኪና ብዛት ግምት ነው።

አሁን ወደምወዳት ነገር ልምጣ። መርጫው ጫፍ ላይ ከአውራ ጣት ጫፍ የማትበልጥ ኖዝል አለች። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ጎኗ ላይ ብዙ ጊዜ 1506 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 15 ውሃው የሚከፈትበት ማዕዘን ነው፣ በዲግሪ። 06 ደግሞ በ4,000 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ 6 ጋሎን ታሳልፋለች ማለት ነው። ጀማሪው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ወይ 6 ጋሎን ብሎ ይደነግጣል፣ ወይ 1,000 የ4,000 ሩብ ነው ብሎ አንድ ተኩል ያወጣል። ግፊት ወደ ሩብ ሲወርድ ፍሰቱ የሚወርደው ወደ ግማሽ ነው። ስለዚህ 3 ጋሎን። ከላይ ያሰላሁበት ቁጥር የመጣው ከዚህች ብረት ነው።

ይህች ብረት ታልቃለች። በዚያ ፍጥነት የሚያልፈው ውሃ ከያዘው ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀዳዳዋን ቀን ከሌሊት ይሞርዳታል። የቀዳዳው ስፋት ዳር እስከ ዳር ሲለካ በመቶ 10 ቢጨምር፣ የሚያሳልፈው ውሃ በመቶ 21 ይጨምራል፤ 3 ጋሎን የነበረው 3.6 ይሆናል። ደንበኛው የከፈለው ለደቂቃ ነው እንጂ ለጋሎን አይደለም፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሳሙናውም ከውሃው ጋር ተደባልቆ በዚያችው ቀዳዳ ይወጣል። ክፋቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም አለመታየቱ ነው። ፓምፑ ትርፍ ውሃ አለውና፣ ወደ ታንከር ይመለስ የነበረውን ወደ መርጫው ይለቃል፤ ግፊቱ አይወርድም፣ ማንም አያማርርም። ትርፉ ሲያልቅ ነው ውሃው የሚልፈሰፈሰው። ያኔ ባለቤቱ «ፓምፑ ሞተ» ብሎ መካኒክ ይጠራና ደህናውን ፓምፕ ያስፈታል። ስንት ጊዜ አየሁ! ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ይዞ ሰዓት ማየት ነበር የሚበቃው። በደህናዋ ኖዝል 100 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በ80ዎቹ ከሞላ ትቀየር። እባካችሁ መርጫው እንዳይዘላችሁ ሁለት እጅ ይያዘው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ የተደበቀ ወጪ አለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሲወርድ በጎማው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እንዳይሆን፣ ደንበኛ ባይኖርም ከመርጫው ውሃ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። በደቂቃ የጋሎን አንድ አሥረኛ ብቻ ቢፈስ እንኳ በ24 ሰዓት 144 ጋሎን ነው። አሥራ ሁለት መኪና ያለ ክፍያ ታጠበ ማለት፣ በአንዱ ማጠቢያ ብቻ። ቴርሞስታት ያላስገጠመ ሰው ፀሐይ ሲወጣም ያንጠባጥባል። ወለሉን ከሥር በጋዝ የሚያሞቁም አሉ፤ የጥር ወር ቢላቸውን አይቼ ራሴን ይዣለሁ።

ደንበኞችንም ትንሽ ልቆጣ። የፒክአፕ ጭነት ጭቃ እዚያ የምታራግፉ፣ ጉድጓዱ በእናንተ ነው ቶሎ የሚሞላው። የሞተር ዘይት እፍሳሹ ላይ የሚደፋ ሰው አይቼ ተናግሬዋለሁ፤ «ከፍያለሁ እኮ» አለኝ። የከፈልከው ለውሃ ነው፣ ወንድሜ። ብሩሹንም መኪናውን በውሃ ሳትመቱ አታንሱት፤ ከፊታችሁ ያጠበው ሰው አሸዋ እላዩ ላይ ነው፣ ቀለማችሁን ይቧጭረዋል።

ካር ዋሽ ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ስለ ገቢው የሚነግራችሁን በጨዋነት ሰምታችሁ የ12 ወር የውሃ ቢል ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ንግድ ነው፤ አፍ ያሻውን ይላል። ጋሎኑን ከላይ ለአንድ መኪና ባሰላነው 12 ጋሎን ብታካፍሉት ስንት መኪና እንደታጠበ ይነግራችኋል። ግን ኖዝሎቹ ያለቁ ከሆኑ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ከከረመ፣ ያው ቢል ያልመጡ መኪኖችን ይቆጥርላችኋል፤ ቸልተኛው ባለቤት በወረቀት ላይ ብዙ ደንበኛ ያለው ይመስላል። የክረምቱን ወራት ለይታችሁ አስሉ፤ ቦታውን ልታዩ ስትሄዱም ባልዲዋን መኪናችሁ ውስጥ ጣሉ።