ለሕፃን ልጅዎ የሚመች አልጋ የትኛው ነው?



ልጅ ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን ጸጋ ብቻ ሳይሆን የምንጠየቅበት አማናም ነው። ስለ ጡቱ፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ተጨማሪ ምግቡ ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን። ስለ መኝታው ግን እምብዛም አንነጋገርም። ሆኖም አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህሉን የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ነው። በመሆኑም የት፣ በምን ላይና እንዴት ይተኛ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ የጤና ጥያቄ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ለምን ስለ አልጋ እንጨነቃለን?

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን አንገቱን በቅጡ አይቆጣጠርም። አፍንጫው በለስላሳ ነገር ቢታፈን ፊቱን አዙሮ አየር መፈለግ ይሳነዋል። ፊቱ ላይ የወደቀ ጨርቅም በእጁ ገፎ አይጥልም። ስለዚህ ለትልቅ ሰው ምቾት የሆነው ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ለእሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ጤነኛ የነበረ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ሞቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ በትራስ፣ በብርድ ልብስ ወይም በፍራሽና በአልጋ መካከል ታፍኖ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሐኪሞች መርምረውም ምክንያቱን የማያገኙለት ድንገተኛ ሞት ነው። እንዲህ ያለው ሞት በአብዛኛው የሚደርሰው ከ6 ወር በታች በሆኑ ሕፃናት፣ በተለይም ከ2 እስከ 4 ወር ባሉት ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ‹‹ቡዳ በላው›› ይላል፣ ሌላው ‹‹እናቱ ተኝታበት ነው›› ብሎ በሐዘንተኛዋ ላይ ጣቱን ይቀስራል። ይህ ሐዘኑን ከማክበድ በቀር የሚቀጥለውን ልጅ አያድንም። የአላህ ቀደር እንደተጠበቀ ሆኖ ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው። ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን የተማርነው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነውና።

ደስ የሚለው ነገር ጥንቃቄው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአጭሩ ሲገለጽ፣ የሕፃን መኝታ ጠንካራ፣ ደልዳላና ባዶ ይሁን፤ ለእናቱም ቅርብ ይሁን። ዝርዝሩን እንመልከት።

በጀርባው ያስተኙት

ብዙ እናቶችና አያቶች ሕፃንን በጀርባው ማስተኛት ይፈራሉ። ‹‹ያቀረሸው ትን ይለዋል›› የሚል ስጋት አላቸው። ስለዚህ ጨርቅ ጠቅልለው ከኋላው በማስደገፍ በጎኑ ያስተኙታል፤ ወይም እንቅልፉ ይጸናል ብለው በሆዱ ያስተኙታል።

የሰውነት አሠራር ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ያቀረሸው ወተት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል፤ ሕፃኑም ይውጠዋል ወይም ይተፋዋል። በሆዱ ሲተኛ ግን የምግብ ቧንቧው ከላይ ስለሚሆን ያቀረሸው ወደ አየር ቧንቧው ለመውረድ ይቀርባል። በጎን ማስተኛትም አስተማማኝ አይደለም፤ ሕፃኑ በቀላሉ ተገልብጦ በሆዱ ይሆናልና።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1994 ወላጆች ሕፃናትን በጀርባቸው እንዲያስተኙ ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል። በሁለቱም አገሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሷል። አንድም መድኃኒት ሳይጨመር፣ አስተኛኘትን በመቀየር ብቻ የተገኘ ውጤት ነው። በሆድ መተኛት ለትልቅ ሰውም በዲናችን ያልተወደደ አስተኛኘት መሆኑን ስናስታውስ ምክሩ አይከብደንም።

በጀርባ መተኛት ቀንም ሌሊትም ነው። የጭንቅላቱ ቅርጽ ይጠፍጠፋል ብለው ከሰጉ አንድ ቀን ራሱን ወደ ቀኝ፣ ሌላ ቀን ወደ ግራ አዙረው ያስተኙት። ነቅቶ ሳለ ደግሞ እርስዎ እያዩት ለጥቂት ደቂቃ በሆዱ ያጫውቱት፤ አንገቱም ይጠነክራል። አድጎ ወዲያና ወዲህ ራሱን መገልበጥ ሲችልም ሲያስተኙት በጀርባው ያድርጉት፤ በራሱ ቢገለበጥ ግን መመለስ አያስፈልግም።

አልጋ ሲያሠሩ ወይም ሲገዙ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በአካባቢው ባሉ ከተሞች ብዙ ሰው የልጅ አልጋ የሚያሠራው አናጢ ዘንድ ነው። ይህ ጥሩ ዕድል ነው፤ ልኩን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ለአናጢው የሚከተሉትን ይንገሩት፤ ያገለገለ አልጋ ሲገዙም በእነዚሁ ይመርምሩት።

1. የጎን ዘንጎች ክፍተት። በሁለት ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴ.ሜ. አይብለጥ። ከዚህ ሲሰፋ የሕፃኑ ሰውነት ሾልኮ ይወጣና ጭንቅላቱ ተይዞ ይቀራል። ሜትር ከሌለዎት የቆርቆሮ ለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይሞክሩበት፤ ጣሳው በክፍተቱ ካለፈ ሰፊ ነው ማለት ነው።

2. የጎኑ ከፍታ። ልጁ መቀመጥና ቆሞ መደገፍ ሲጀምር እንዳይወድቅ፣ ከፍራሹ አናት እስከ ጎኑ ጫፍ ቢያንስ 50 ሴ.ሜ. ይሁን።

3. ጎኑ ቋሚ ይሁን። ወደ ታች የሚንሸራተት ጎን ያለው አልጋ ሲላላ በጎኑና በፍራሹ መካከል ክፍተት ይፈጥራል። በአሜሪካ በዚሁ ምክንያት ሕፃናት ስለሞቱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2011 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት አልጋ መሥራትና መሸጥ ተከልክሏል።

4. ጌጥ አይብዛ። በማዕዘኑ ላይ የሚወጣ እንጨት ልብስ ወይም ክር ይይዛል። በራስጌው ላይ የሚፈለፈል ቅርጽም አንገት ወይም እጅ ያስገባል። ለስላሳና ቀጥ ያለ ይሻላል።

5. እንጨቱና ቀለሙ። ስንጥር እንዳይኖረው በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ ይለስልስ፤ የሚስማር ጫፍ አይታይ፤ ብሎኑ ይጥበቅ። ልጅ ጥርስ ሲያወጣ የአልጋውን ጠርዝ ይነክሳል። እርሳስ (ሊድ) ያለበት ቀለም የልጅን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል። ቀለሙን የማያውቁት ከሆነ አልጋው ሳይቀባ ቢቀር ይመረጣል።

6. ፍራሹ። ጠንካራና ደልዳላ ይሁን። በመዳፍዎ ተጭነው ሲለቁት ጎድጉዶ ከቀረ ለሕፃን አይሆንም። ከአልጋው ልክ ጋር ይግጠም፤ በፍራሹና በጎኑ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ጠባብ ነው፣ ይለወጥ። ፍራሹን የሚሸፍነው አንሶላ በደንብ ተወጥሮ ከሥር ይታሰር።

አልጋው ውስጥ ምን ይግባ?

መልሱ አንድ ነው፤ ሕፃኑ ብቻ። ትራስ አያስፈልገውም። አሻንጉሊት፣ ተጨማሪ ጋቢ፣ በጎኖቹ ላይ የሚታሰር ስፖንጅም አያስፈልግም። ጎን ላይ የሚታሰረው ስፖንጅ ‹‹ጭንቅላቱን እንዳይመታ›› ተብሎ የሚገዛ ቢሆንም ሕፃናትን ስለሚያፍን፣ ተዳፋት ከሆኑት የሕፃን መኝታዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ በአሜሪካ ገበያ ታግዷል።

በአንገት ላይ የሚታሰር ማንኛውም ክር በእንቅልፍ ሰዓት ሊያንቅ ይችላል። የክታብን ጉዳይ ዑለሞቻችን በሰፊው ያስተምራሉ፤ ከጤና አንፃር ግን ሕፃን በአንገቱ ላይ ክር ታስሮለት አይተኛ።

አልጋውን ከመስኮት፣ ከመጋረጃ ገመድ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ዕቃ ከተደረደረበት መደርደሪያ ያርቁት። ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ በሚወርዱት የሶሮና የጎምቦራ ቆላማ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ደግሞ የወባ አጎበር ግዴታ ነው። አጎበሩ ከላይ በደንብ ተወጥሮ ይሰቀል፤ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይግባ፤ ሕፃኑ ላይ እንዳይወርድ ይረጋገጥ።

ብርዱንስ እንዴት እናድርገው?

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በተለይ በክረምት ሌሊቱ ይበርዳል። ሕፃኑን ጠቅልሎ፣ ፊቱንም ሸፍኖ፣ የከሰል ማንደጃ ከአራስ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደው ለዚህ ነው። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ አደጋው ግን ከባድ ነው።

ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጠራቀም በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ በፍጥነት ስለሚተነፍስ ቶሎ ይጎዳል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሲተኙ በቤታቸው እሳት እንዳይተዉ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህን ሱና በአራስ ቤት እናጽናው፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ፣ ተመልሶም አይግባ።

ታዲያ እንዴት ይሙቅ? ልብስ በመደረብ ነው። እርስዎ ከለበሱት አንድ ብቻ ይጨምሩለት። መሞቁን ለማወቅ እጅና እግሩን ሳይሆን ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይዳስሱ። እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ማጅራቱ ካላበው ግን ልብሱ በዝቷል፣ ይቀንሱ። ከልክ ያለፈ ሙቀትም ለድንገተኛ ሞት ያጋልጣልና። ብርድ ልብስ የግድ ካስፈለገ ቀጭን ሆኖ ከደረቱ አይለፍ፤ እጆቹ ከላይ ይሁኑ፤ ዳርና ዳሩ ከፍራሹ ሥር ይወተፍ፤ የሕፃኑም እግር የአልጋውን ግርጌ ይንካ። ፊቱ በፍጹም አይሸፈን። የሚጠቀልሉት ከሆነ ዳሌና እግሩ እንደልብ ይንቀሳቀስ፤ ራሱን ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር መጠቅለሉ ይቁም።

ጊዜው ሳይደርስ ወይም ክብደቱ አንሶ ለተወለደ ሕፃን፣ እናቱ ነቅታ ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ ማሞቋ ከሁሉ የተሻለ ነው። አፈጻጸሙን በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ፣ ወይም በሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ ስም የሚጠራው የሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ባለሙያዎችን ይጠይቁ።

ቤታችን አንድ አልጋ ብቻ ቢኖርስ?

ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ እጇን ዘርግታ በምትደርስበት ርቀት፣ በራሱ መኝታ ቢተኛ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ሌሊት ማጥባትም ይቀላል። ጡት ማጥባት ራሱ የድንገተኛ ሞትን ዕድል ይቀንሳል። ቁርኣን ጡትን እስከ ሁለት ዓመት ማሟላትን ሲጠቅስልን ጥቅሙ ከምግብነት ያለፈ ነው።

የራሱ መኝታ ማለት ውድ አልጋ ማለት አይደለም። በፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለችግረኛ እናቶች፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም የሕፃን ልብስ የያዘ የካርቶን ሣጥን ይሰጣል። በሣጥኑ ውስጥ ልኩ የሆነ ፍራሽ ስላለ ብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ ወራታቸውን የተኙት በእሱ ነው። በኒውዚላንድ ደግሞ የማኦሪ ሕዝቦች ከሚያበቅሉት ቃጫ መሰል ተክል ‹‹ዋሃኩራ›› የተባለ ደልዳላ ቅርጫት ሠርተው በወላጆች አልጋ ላይ ያስቀምጡታል። ሕፃኑ ከእናቱ ሳይርቅ የራሱ ቦታ ይኖረዋል። በእኛም አካባቢ እንሰትና ሣርን አሳምረው የሚሠሩ እጆች ሞልተዋል። መሬት ላይ ንጹሕ ምንጣፍ ዘርግቶ ጠንካራ ፍራሽ ማድረግም ይቻላል፤ እሳት፣ እንስሳና የሚራመድ ልጅ እንዳይደርስበት ብቻ ይጠንቀቁ።

እናት ተኝታ ስታጠባ እንቅልፍ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ አስቀድማ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ከሕፃኑ ታርቅ፤ ስትነቃም ወደ መኝታው ትመልሰው። ሶፋ ወይም ወንበር ላይ አቅፎ መተኛት ከሁሉ የከፋ ነው። ሕፃን በሁለት ሰዎች መካከል ወይም ከታላላቆቹ ጋር አይተኛ። ሲጋራ ከሚያጨስ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰደ ሰው ጋርም አይተኛ። ከቀኑ ቀድሞ ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከማንም ጋር በአንድ አልጋ አይተኛ።

ለአባቶችና ለዘመዶች

አንዲት አራስ ሌሊቱን ስታጠባ አድራ ይህን ሁሉ ብቻዋን ልትወጣው አትችልም። ማንደጃውን የሚያወጣ፣ ከጠባ በኋላ ሕፃኑን ተቀብሎ በጀርባው የሚያስተኛ አባት ያስፈልጋታል። ለአቂቃ የምትመጡ ዘመዶችና ጎረቤቶችም ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ከምታበዙ፣ ገንዘባችሁን አሰባስባችሁ አንድ ደህና የልጅ አልጋ ብታሠሩለት ለሚቀጥሉት ወንድምና እህቶቹም ይተርፋል።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ልጅዎን ከማስተኛትዎ በፊት አምስት ነገሮችን ይመልከቱ፤ በጀርባው ነው? ፍራሹ ጠንካራና ደልዳላ ነው? አጠገቡ ትራስና የተከመረ ጨርቅ የለም? ፊቱ ተገልጧል? ከሰሉ ወጥቷል? አምስቱ ከተሟሉ ሰበቡን አድርሰዋል፤ ቢስሚላህ ብለው ያስተኙት፣ የቀረውን ለአላህ ይተዉ።

አላህ ልጆቻችንን በጤና አሳድጎ ለዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። ልጆቻቸውን ላጡ እናቶችና አባቶችም ሶብር ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።