ከበሮ የሚወድ ልጅ ማሲንቆ ለምን ይጠላል?

አትላስ አካባቢ ወደምሠራበት ክሊኒክ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ኮክሌር ኢምፕላንት የተባለው፣ በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ ላይ የሚገጠም መሣሪያ ገባለት። «ዶክተር፣ ከበሮ ሲመታ ይጨፍራል፤ ማሲንቆ ሲሰማ ግን መሣሪያውን ነቅሎ ይጥላል። ተበላሽቶ ይሆን?» አሉኝ። ከትምህርት ቤቱ የመዝሙር ክፍል ሊያስወጡት ወስነዋል።

ከኋላው ሆኜ የተናገርኳቸውን ቃላት በትክክል ደገመልኝ። መሣሪያው ይሠራል።

ጤናማ ውስጥ ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ 3 ሺህ 500 ያህል ሕዋሳት አሉት። መሣሪያው ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው ከ12 እስከ 22 በሚሆኑ ኤሌክትሮዶች ነው። ለንግግር ይበቃል፤ ምትም በደንብ ይደርሳል። የዜማው መውጣትና መውረድ ግን ይደበዝዛል። ትዝታን ከባቲ መለየት ለእነዚህ ልጆች ከባድ ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ ይምታታብኛል።

ቢሆንም የሚያወዳድሩት የቀድሞ ዜማ ስለሌላቸው ብዙዎቹ ሙዚቃ ይወዳሉ። ይበልጥ የሚከፉት ካደጉ በኋላ መስማት ያቆሙ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ከመዝሙር ክፍል አያስወጡት። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ ግጥሙን የሚያውቀውን መዝሙር ብቻዎን ይዘምሩለት፤ ከበሮውን በእጁ ይንካ። ማሲንቆውን አያስገድዱት። ንግግርም ከበሮም መስማት ካቆመ ግን ባትሪውንና ገመዱን ይመልከቱ፤ ካልተስተካከለ ሳያሳድሩ ወደ መስማት ባለሙያው ይውሰዱት።