ሦስት ልጅ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ግቢ

ባቲ ላይ ሦስት አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ቅርጫት ኳስ ቢገዙ፣ ልምምዱ ሳይጀመር ቅሬታው ይቀድማል፦ ሜዳ የለም፣ ቀለበት የለም፣ አሥር ሰው አይሞላም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ችግሮች ናቸው፤ መላ ይፈለግላቸዋል። የሰው ማነስ ግን፣ በደንብ ከተጠቀሙበት፣ ለተማሪው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ሁሉ እስኪሟላ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ጨዋታው ራሱ የተወለደው በጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ጄምስ ናይስሚት በታኅሣሥ 1891 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ፣ የወወክማ መምህራን በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት፣ ክረምቱ ከቤት አላስወጣ ያላቸውን 18 ተማሪዎች ዘጠኝ ለዘጠኝ ከፍሎ የኮክ ቅርጫት ሰቀለላቸው።

በኳሱ እንጀምር፦ ደሴ ተገዝቶ እዚያው ጎሚስታ ዘንድ ተነፍቷል እንበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባቲ 1,500 ገደማ ላይ። በዚህ ቁልቁለት ኳሱን ከውጭ የሚጫነው አየር 13 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ኳሱ ለስለስ ብሎ መድረስ ነበረበት። የባቲ ሙቀት ግን ሥራውን ያበላሻል፦ 15 ዲግሪ ላይ የተነፋ አየር 30 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ በ5 በመቶ ገደማ ያድግና ቁልቁለቱ ከወሰደው ከግማሽ በላይ ይመልሳል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ኳሱ እንደገና ይለሰልሳል። በአውራ ጣት ተጭኖ መፍረድ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ይልቅ በልምምዱ ሰዓት፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ኳሱን ከ1.8 ሜትር ከፍታ መልቀቅ ነው፤ የታችኛው ጫፉ አንድ ሜትር ገደማ ድረስ ከነጠረ በቂ አየር አለው።

አቧራማ መሬት ይህን ንጥረት ይበላዋል። የባሰው ግን ጎርበጥባጣነቱ ነው። «እዚህ የተማረ የትም አይቸገርም» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር ካልታወቀ ዓይን ከኳሱ አይነሳም፣ ኳስ እያነጠሩ ቀና ብሎ ጓደኛን ማየት ደግሞ ዋናው ትምህርት ነው። ግቢውን ሁሉ ማስተካከል አያስፈልግም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የምትሆን ቦታ ጠርጎ፣ ውኃ አርከፍክፎ፣ በደንብ መደልደል ለአንድ አንጣሪ ይበቃል።

ቀለበቱን ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ውስጡ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ከባለ 16 ፌሮ 146 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይጠመዘዛል። የሚሰቀለው 3.05 ሜትር ላይ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች 2.60። ትልቁ ኳስ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ስለዚህ ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ኳስ ቀለበቱ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ነገሩ የሚለወጠው ኳሱ ጋደል ብሎ ሲመጣ ነው። በ45 ዲግሪ ለሚገባ ኳስ ክፍተቱ ወደ 32 ሳንቲ ሜትር ይጠባል። በ30 ዲግሪ ደግሞ 22.5 ይሆናል፤ ያኔ ኳሱ ብረት ሳይነካ ሊገባ አይችልም፣ የወርዋሪው ችሎታም አያድነውም። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሲልቨርበርግና ትራን በ2008 የነፃ ውርወራን በኮምፒውተር አስመስለው ሲፈትሹ፣ ለረጅም ወንድ ተጫዋች የሚሻለው በ52 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ መልቀቅ፣ ኳሱንም በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ወደ ኋላ እንዲሽከረከር ማድረግ ሆኖ አገኙት።

ይህን ለመለማመድ ቀለበት እንኳ አያስፈልግም። ከዛፍ እስከ ጣሪያ ጠርዝ ገመድ ይወጠር። ሁለት ልጆች በሦስት ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ይቁሙ፣ ገመዱ መሃላቸው ይሁን፣ ኳሱ ከሚለቀቅበት እጅም አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ኳሱ ገመዱን ታክኮ አልፎ ጓደኛው እጅ ላይ፣ በተለቀቀበት ከፍታ ካረፈ፣ አነሳሱ 52 ዲግሪ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ሰው ማነስ። ብዙ ጀማሪ ቡድን የሚያደርገው አንዱን አንድ ቦታ አቁሞ ሃምሳ ጊዜ ማስወርወር ነው። ኬርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ልጆችን ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ ሲያስወረውሩ፣ የስምንት ዓመቶቹን ግማሽ ከሦስት ጫማ ርቀት ብቻ፣ ግማሹን ከሁለትና ከአራት ጫማ አለማመዱ። የመጨረሻው ፈተና ሦስት ጫማ ላይ ነበር። የበለጡት እዚያ ርቀት ላይ አንድም ጊዜ ያልተለማመዱት ናቸው! በዓመቱ ሼይና ሞርጋን የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎችን አንዱን ጨርሶ ወደሌላው ከመሄድ ይልቅ እያፈራረቁ የተማሩት በልምምዱ ወቅት ቀርፋፋ ቢሆኑም፣ ቆይቶ በተደረገው ፈተና እንደሚሻሉ አሳዩ። የተለመደው ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ያንኑ ውርወራ ስንደጋግም አእምሮ ያለፈውን ይቀዳል፤ ቦታው ሲቀየር ግን ስሌቱን ከመጀመሪያው እንዲያወጣ ይገደዳል። ትምህርት ሆኖ የሚቀረው ያ ድካም ነው።

ሦስት ሰውና አንድ ኳስ ይህን መፈራረቅ በግድ ያመጣሉ። አንዱ አንጥሮ ያቀብላል፣ ሁለተኛው ይወረውራል፣ ሦስተኛው ይከላከላል፤ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ሥራም ቦታም ይቀያየራሉ። የመወርወር ተራውን የሚጠብቀው የጓደኛውን ስህተት ያያል፣ ክንዱንም ያሳርፋል። ፈጽሞ ጀማሪ የሆነ ልጅ ግን እጁ የውርወራውን ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት ቀን መደጋገሙ አይጎዳውም። ሰዓቱ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰኞ ቀን ገበያው ከተማውን ስለሚይዘው ማንም ኳስ አያስብም።

ስድስት ሰው ከተገኘ ሦስት ለሦስት መጋጠም ነው። ይህ ጨዋታ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል፦ አንድ ቀለበት፣ አሥር ደቂቃ፣ ቀድሞ 21 የደረሰ ያሸንፋል። በቀለበቱ ዙሪያ ከሚሠመረው ቅስት ውስጥ የገባ አንድ፣ ከውጭ የገባ ሁለት ነጥብ ነው። ግብ የተቆጠረበት ቡድን ኳሱን ከቀለበቱ ሥር አንስቶ፣ አንጥሮ ወይም አቀብሎ ከቅስቱ ውጭ ካላወጣ በስተቀር ማጥቃት አይፈቀድለትም። ቅስቱ በዓለም አቀፉ ደንብ ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ይርቃል፤ ግቢው ካልበቃ በአራት ሜትር በአመድ ይሠመር።